ሌሊት ማን መጣ? በብርድ ወራት ከገጠር ቤት ሳይርቁ የዱር እንስሳትን ማየት

ክረምት ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዝናብ ነው። እዚህ የማወራው ግን ስለ ሌላው ክረምት ነው። በረዶ ስለሚጥልበት፣ ውሃ ስለሚረጋበት፣ ቀኑ አጭር ሌሊቱ ረጅም ስለሚሆንበት የብርድ ወቅት። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ በደቡቡ ደግሞ ከጁን እስከ ኦገስት ያለው ማለት ነው።

በዚህ ወቅት ገጠሩ ጭር ይላል። እንስሳው ሁሉ የጠፋ ይመስላል። አልጠፋም። እንዲያውም ለማየት የሚመቸው አሁን ነው። ቅጠሉ ስለረገፈ ዓይን ርቆ ያያል። ምግብ ስለሚያንስ እንስሳት ወደ ሰው ቤት ጠጋ ይላሉ። በረዶው ደግሞ የረገጠውን ሁሉ ይዞ ያቆያል።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር። በብርድ ወራት እንስሳ የሚያባክነው ጉልበት የለውም። አጋዘን ብርዱ ከመምጣቱ በፊት ባጠራቀመው ስብ ነው ብርዱን የሚያልፈው፤ እንቅስቃሴውንም ይቀንሳል። አንዳንድ ትናንሽ ወፎች በአንድ ቀዝቃዛ ሌሊት ብቻ ከሰውነታቸው ክብደት እስከ 10 በመቶ ያጣሉ። ስለዚህ እኛን አይቶ ደንብሮ የሮጠ እንስሳ የሮጠው ለነገ ካስቀመጠው ላይ ቀንሶ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ዘዴ ሁሉ የተሠራው ለዚህ ነው። እኛ እናያለን፤ እሱ ግን መታየቱን አያውቅም።

ደረጃ 1፦ ከመስኮት ጀምሩ

ብዙ ሰው ባይኖኩላሩን (ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽር) አንስቶ በቀጥታ ወደ ጫካ ይሄዳል። እኔ አልመክርም። ቤታችሁ ከማንኛውም መደበቂያ ይሻላል። በዙሪያው ያሉት እንስሳት ቤቱን ለምደውታል። የማይለምዱት ከቤቱ የሚወጣውን ሰው ነው።

አንድ መስኮት ምረጡ። ሜዳውን፣ አጥሩን ወይም የዛፉን ጠርዝ የሚያሳይ ይሁን። እንስሳት ሜዳና ዛፍ የሚገናኙበትን መስመር ይዘው መሄድ ይወዳሉ፤ ቢደነግጡ መሸሸጊያው ቅርብ ነውና። የክፍሉን መብራት አጥፉ። ከመስታወቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። እንዲህ ስትሆኑ ከውጭ ሆኖ ማንም አያያችሁም።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ወገግ ሲል አንድ ሰዓት፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት። አጋዘን፣ ጥንቸልና ቀበሮ በብዛት የሚንቀሳቀሱት በነዚህ ሰዓቶች ነው። ወፎች ግን ሌላ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ስብ ሲያነዱ ስላደሩ ብርሃን እንደታየ ምግብ ፍለጋ ይወጣሉ። በጣም ሲበርድ ቀኑን ሙሉ ሲለቅሙ ታያላችሁ።

ባይኖኩላር ከገዛችሁ 8×42 የሚለውን ፈልጉ። 8 ጊዜ ያቀርባል፤ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ስፋት ጭላንጭል ብርሃን በሚኖርበት ሰዓት ያግዛል። ኪስ ውስጥ የምትገባው ትንሿ 10×25 ቀን ላይ ጥሩ ናት፤ ሲመሽ ግን ጨለማ ብቻ ነው የምታሳያችሁ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትመለሱ ባይኖኩላሩንም ካሜራውንም በር ላይ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ዝጉና ይዛችሁ ግቡ። እርጥበቱ መስታወቱ ላይ ሳይሆን ላስቲኩ ላይ ያርፋል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ክፈቱት።

ደረጃ 2፦ በረዶው ሲያቆም ዱካ አንብቡ

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ማታ በረዶ ከጣለ፣ ያቆመበትን ሰዓት ያዙ። ለምሳሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቢያቆምና እናንተ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብትወጡ፣ የምታዩት ዱካ ሁሉ የተጣለው በነዚያ 9 ሰዓቶች ውስጥ ነው። ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ፣ እርጠብ ያለ በረዶ ዱካን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ጉልበት የሚያሰጥም በረዶ ላይ ግን የሚቀረው ጉድጓድ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ቤቱን አንድ ጊዜ ዙሩ። ሰፋ አድርጋችሁ፣ ዱካ ሳትረግጡ። የማገዶ ክምሩን፣ የዶሮ ቤቱን፣ የአጥሩን ክፍተት፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን እዩ። ሌሊት የመጣ እንግዳ ከነዚህ አንዱን ሳያይ አይሄድም። ጠዋት ላይ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትመታ የዱካው ጠርዝ ጥላ ይጥላል፤ ያኔ በደንብ ይታያል። ፀሐይዋን ፊት ለፊታችሁ አድርጋችሁ ተመልከቱ።

ከዚያ አንድ ዱካ ላይ ብቻ አታፍጥጡ። አካሄዱን እዩ። ብዙ ጊዜ የእንስሳውን ማንነት የሚናገረው የእግሩ ቅርጽ ሳይሆን የእርምጃው ስርዓት ነው።

ቀበሮ ቀጥ ባለ መስመር ነው የምትሄደው። የኋላ እግሯን የፊት እግሯ በረገጠበት ቦታ ላይ ስለምታሳርፍ፣ በሁለት እግር የሄደ ነገር ይመስላል። አንድ ዱካ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሞላላ ነው፤ ሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ወደ ፊት ወጣ ይላሉ፤ የጥፍር ጫፍም ይታያል። የውሻ ዱካ ከዚህ ክብ ይላል። አካሄዱም ይለያል። ውሻ ቤት የሚጠብቀው ምግብ አለው፤ ስለዚህ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ እያሸተተ፣ እየተመለሰ ይሄዳል። ቀበሮ ግን ወደምትፈልገው ቦታ በቀጥታ ትሄዳለች። የድመት ዱካ ክብ ነው፤ ጥፍር የለውም፤ ድመት ስትራመድ ጥፍሯን ሰብስባ ነውና።

ጥንቸል ስትዘል ትንንሾቹ የፊት እግሮች አንዱ ከአንዱ ኋላ ያርፋሉ። ትላልቆቹ የኋላ እግሮች ደግሞ አልፈዋቸው ከፊት ጎን ለጎን ያርፋሉ። ስለዚህ ትላልቆቹ ዱካዎች ያሉበት አቅጣጫ ነው የሄደችበት። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ይገለብጠዋል። ጅራተ ጎፈሬዋ የዛፍ ሽኮኮም ተመሳሳይ ዝላይ አላት፤ የሷ ግን የፊት እግሮቹም ጎን ለጎን ናቸው። ደግሞም ዱካዋ ከዛፍ ሥር ይጀምርና ዛፍ ሥር ያልቃል።

አጋዘን ለሁለት የተሰነጠቀ ኮቴ ነው ያለው፤ ሾጣጣው ጫፍ የሄደበትን ያሳያል። የዱር አሳማም ኮቴው ስንጥቅ ነው፤ ከኋላ ግን ሁለት ተጨማሪ ነጥቦች በጎን ወጣ ብለው ይታያሉ። ወፎችን ለመለየት ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። ድንቢጥና መሰሎቿ ይዘላሉ፤ ዱካቸው ጥንድ ጥንድ ነው። ቁራ ይራመዳል፤ ዱካው እንደ ሰው አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ ነው።

የአይጥ ዱካ እንደ ስፌት ጥልፍ ነው፤ መሃሉ ላይ አንዳንዴ ጅራቷ የጎተተችው ቀጭን መስመር አለ። ከበረዶው ሥር ከሚወጣ ትንሽ ቀዳዳ ተነስቶ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። በረዶ ወፍራም ሲሆን እንደ ብርድ ልብስ ነው። ከላይ አየሩ እጅግ ቢበርድም፣ ከሥር መሬቱ አጠገብ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ0 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። አይጦቹ እዚያ መንገድ ሠርተው ሣር እየበሉ ይኖራሉ። ቀበሮ ይህን ታውቃለች። ቆም ትላለች፣ ጆሮዋን ታቀናለች፣ ወደ ላይ ዘላ በአፍንጫዋ በረዶው ውስጥ ትገባለች። የዘለለችበት ጉድጓድ ጠዋት ላይ ይገኛል። ጉጉትም እንዲሁ ታድናለች። አንድ ጊዜ የአይጥ ዱካ ስከተል ሜዳ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀዳዳ የለም፤ ዛፍ የለም። ግራና ቀኝ ግን የሁለት ክንፍ ላባ በረዶው ላይ አንድ በአንድ ታትሞ ነበር። ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት።

አንድ ወጥመድ ላስጠንቅቃችሁ። በረዶ ፀሐይ ሲመታው ዱካ ይሰፋል። ትናንት የውሻ የነበረው ዛሬ ከሰዓት የተኩላ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ጠርዙን እዩ። ስለታም ከሆነ አዲስ ነው። ከደነዘና ከተድበለበለ አሮጌ ነው፤ በመጠኑ አትመኑ። ዱካውን ፎቶ ስታነሱ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አስቀምጡ፤ በቀጥታ ከላይ ሆናችሁ አንሱ።

ዱካን መከተል ስትፈልጉ ደግሞ ወደ ኋላ ተከተሉ። ወደ ሄደበት ሳይሆን ወደ መጣበት። ታሪኩ ያው ነው። የት እንደተኛ፣ ምን እንደበላ፣ አጥሩን በየት እንደገባ ሁሉ ታገኛላችሁ። እንስሳውን ግን ከተኛበት አታስነሱትም።

ደረጃ 3፦ የተበላውንና የተጣለውን እዩ

በረዶ በሌለበት ቀን ይህ ነው የሚረዳችሁ። የቁጥቋጦ ቀንበጥ ተበልቶ ካገኛችሁ ጫፉን ተመልከቱ። በቢላ እንደተቆረጠ ሰያፍና ንጹሕ ከሆነ ጥንቸል ናት። የተቦጫጨቀና ጭረት ያለው ከሆነ አጋዘን ነው። አጋዘን የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ ይዞ ይገነጥላል እንጂ አይቆርጥም። ከመሬት ያለው ከፍታም ይናገራል፤ ነገር ግን ጥንቸል በረዶ ላይ ቆማ ከፍ ያለውን ልትደርስበት እንደምትችል አትርሱ።

ኩስም ያው ነው። የጥንቸል ኩስ ክብና ደረቅ ነው፤ ሣር ይታይበታል። የአጋዘን የፍየል በጠጥ ይመስላል። የቀበሮ የተጠማዘዘና ጫፉ የሾለ ነው፤ ፀጉርና አጥንት አለበት። በእንጨት ገልጣችሁ እዩ እንጂ በእጃችሁ አትንኩ። የቀበሮና የተኩላ ኩስ ውስጥ የኮሶ ትል ዓይነት እንቁላል ሊኖር ይችላል፤ ሰው ውስጥ ከገባ ጉበትን ክፉኛ ይጎዳል። ልጆችን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ደረጃ 4፦ ጆሮ ስጡ

ጸጥ ባለ ቀዝቃዛ ሌሊት ድምፅ ርቆ ይሰማል። ከመተኛታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ደጃፍ ላይ ቁሙ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የቀይ ቀበሮ (የኢትዮጵያዋ ቀይ ቀበሮ ሳትሆን በእንግሊዝኛ ሬድ ፎክስ የምትባለው) የመራቢያ ጊዜ በዲሴምበርና በፌብሩዋሪ መካከል ነው፤ ጃንዋሪ ላይ ይበረታል። እንስቷ ያኔ የምታሰማው ጩኸት ሰው የተጎዳ ያስመስላል። የማያውቅ ሰው ልቡ ይደነግጣል። ብዙ የጉጉት ዓይነቶችም የየራሳቸውን ክልል የሚያስከብሩት በዚህ ወቅት ነው። አንዱ ሲጠራ ሌላው ሲመልስ ከሰማችሁ ጥንድ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቀን ላይ ደግሞ ቁራዎችን አድምጡ። አንድ ዛፍ ላይ ተሰብስበው አንድ ነገር ላይ ሲንጫጩ ካያችሁ ባይኖኩላራችሁን ወዲያው ወደዚያ አዙሩ። እዚያ ጉጉት ወይም ጭልፊት የመኖሩ ዕድል ትልቅ ነው።

ደረጃ 5፦ ውጭ ተቀመጡ

ከመስኮቱ ማን በየት እንደሚያልፍ ካወቃችሁ በኋላ ነው የምትወጡት። ከዚያ በፊት መውጣት ብርድ መጠጣት ብቻ ነው።

ነፋሱ ከእንስሳው ወደ እናንተ መንፈስ አለበት። ይህ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። አጋዘን ዓይኑ ቢያታልለው አፍንጫው አያታልለውም። ፊታችሁን በነፋሱ በኩል አድርጉ፤ ጀርባችሁን ዛፍ ወይም ግድግዳ አስደግፉ። የሰው ቅርጽ ሰማይ ላይ ብቻውን ሲታይ ነው የሚያስደነግጠው። ሲንቀሳቀሱ የሚንኳኳ የፕላስቲክ ጃኬት ተዉ፤ የሱፍ ልብስ ድምፅ የለውም። በቀጥታ በረዶው ላይ አትቀመጡ። ብርዱ ቶሎ የሚገባው ከታችና ከእግር ነው። 40 ደቂቃ ይበቃል። መንቀጥቀጥ ከጀመራችሁ ግቡ።

ሙሉ ጨረቃ ካለች ሌላ ዕድል ነው። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ መልሶ ያንጸባርቃል። ያለ ምንም ባትሪ ሜዳውን ሙሉ ታያላችሁ። መብራት የግድ ካስፈለጋችሁ ቀይ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ ተጠቀሙ፤ ብዙ የዱር እንስሳት ቀይን እምብዛም አያዩትም። ነጭ መብራት ዓይናቸው ላይ አታብሩ።

ውሻ ካላችሁ ቤት ይቆይ።

ደረጃ 6፦ ካሜራ፣ ከፈለጋችሁ

የእንስሳ እንቅስቃሴ ሲያይ በራሱ የሚያነሳ ካሜራ አለ። የሚሠራው የሚንቀሳቀስ አካል ሙቀት ከአካባቢው ሲለይ በማወቅ ነው። ዱካ በብዛት ባያችሁበት ቦታ እሰሩት፤ በደፈናው ጫካ ውስጥ አትስቀሉት። ከመሬት እስከ 1 ሜትር ከፍ አድርጉ፤ በረዶ እንዳይቀብረው። ፊት ለፊቱ ያለውን ቀጭን ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ባዶ ፎቶ ያነሳል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ካላችሁ ፊቱን ወደ ሰሜን አድርጉት፤ በደቡቡ ወደ ደቡብ። ፀሐይ በቀጥታ አትገባበትም። ተራ ባትሪ ድንጋይ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ የሊቲየሙ ይሻላል። ካሜራውን በየቀኑ አትጎብኙ። በሳምንት አንዴ ይበቃል። የእናንተ ሽታ በበዛበት ቦታ ማንም አያልፍም። የጎረቤት ግቢና መንገድም አይቅረጽ።

ደረጃ 7፦ ጻፉ

ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ ያያችሁት፣ ያያችሁበት ቦታ። ሁለት መስመር በቂ ነው። ምንም ያላያችሁበትን ቀንም ጻፉ። በ1900 ፍራንክ ቻፕማን የተባለ አሜሪካዊ የወፍ አጥኚ በገና ቀን ወፍ ከማደን ይልቅ እንቁጠር ብሎ ሲነሳ፣ የመጀመሪያዎቹ ቆጣሪዎች 27 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቆጠራው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል። ያ ሁሉ መረጃ የተጠራቀመው እንደኛ ባሉ ሰዎች ማስታወሻ ነው።

ደረጃ 8፦ ማንን መመገብ፣ ማንን አለመመገብ

ወፎችን መመገብ ይቻላል። ጨው የሌለው የሱፍ አበባ ፍሬና ኦቾሎኒ ጥሩ ነው። የሻገተ ኦቾሎኒ ግን መርዝ ነው፤ ጣሉት። መመገቢያውን ከመስኮት ከ1 ሜትር ባነሰ ወይም ከ10 ሜትር በራቀ ቦታ ስቀሉ። በመሃሉ ካለ ወፎቹ በፍጥነት እየበረሩ መጥተው መስታወቱን ይመታሉ። በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ እጠቡት፤ ወፎች በሽታ የሚተላለፉት በቆሸሸ መመገቢያ ነው። ወደ በረዶነት ያልተለወጠ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ማስቀመጥ ደግሞ ከምግቡ እኩል ይጠቅማቸዋል። ድቦች ባሉበት አካባቢ ግን ድቦቹ ለብርዱ ወራት እስኪተኙ ጠብቁ፤ ከዚያ እንቅልፍ ሳይነቁም መመገቢያውን አንሱት።

አጋዘንን አትመግቡ። አውቃለሁ፣ ሲርበው ማየት ያሳዝናል። እኔንም ያሳዝነኛል። ነገር ግን በብርድ ወራት በጨጓራው ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የለመዱት ቀንበጥና ቅርፊት ነው። በድንገት በቆሎ ወይም ሌላ እህል በብዛት ከበላ ጨጓራው ውስጥ አሲድ ይበዛል፤ ሆዱ ሞልቶ ሊሞት ይችላል። ቀበሮንም አትመግቡ። ሰውን የለመደች ቀበሮ ዕድሜዋ አጭር ነው። አንዱ ጎረቤት ያበላታል፤ ሌላው ይተኩሳል።

ደረጃ 9፦ ቤታችሁን ዝጉ

ማየት ማለት በሩን መክፈት አይደለም። ዶሮዎችን ከመምሸቱ በፊት አስገቡ። ቆሻሻውን ክደኑ፤ የውሻና የድመት ምግብ ውጭ አታሳድሩ። የአይጥ ግልገል 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ታልፋለች፤ ስለዚህ ቀዳዳውን በብረት ሽቦ ጠቅጥቃችሁ ድፈኑ። የአይጥ መርዝ አትጠቀሙ ብዬ እለምናችኋለሁ። የተመረዘችውን አይጥ ጉጉቷ ትበላታለች፤ ከዚያ ጉጉቷም አብራ ትመረዛለች። ወጥመድ ይሻላል።

ከኮርኒስ በላይ የተኛች የሌሊት ወፍ ካገኛችሁ አትንኳት፤ አትቀስቅሷትም። በነቃች ቁጥር ለወራት ያጠራቀመችው ስብ ይቀንሳል። ቀበሮ ቀን ላይ ብታዩ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም፤ በዚህ ወቅት የተለመደ ነው። ሰው የማይፈራ፣ የሚንገዳገድ፣ ያለ ምክንያት የሚናከስ እንስሳ ካያችሁ ግን ወደ ቤት ግቡና በአካባቢያችሁ ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂድ።

በረዶው ሲቀልጥ

የመጨረሻውን ዙር አትዝለሉት። በረዶው የሄደ ቀን ሜዳውን ዙሩ። ሣሩ ላይ የተጠማዘዙ ቦዮች ታያላችሁ፤ በመካከላቸውም እንደ ኳስ የተጠቀለለ ደረቅ ሣር አለ። አይጦቹ ወራቱን በሙሉ ከበረዶው ሥር ሲመላለሱባቸው የነበሩት መንገዶችና ጎጆዎች ናቸው። ጥቂት ዝናብ ሲመጣና አዲስ ሣር ሲበቅል ስለሚጠፉ በዚያው ሳምንት ፎቶ አንሷቸው። የበዙበትን ቦታ ማስታወሻችሁ ላይ በንድፍ አስፍሩ። በሚቀጥለው ብርድ ቀበሮዋና ጉጉቷ መጀመሪያ የሚፈትሹት ያንን ቦታ ስለሆነ፣ የምትቀመጡበትን ከአሁኑ ምረጡ።